ሦስተኛው ኮምፒውተር የክርስትና ስሜን ያውቃል

ሐምሌ 14፣ ሰኞ፣ ጧት 3 ሰዓት

አመኗት! ልጄን አመኗት! ቀዳዳው እውነተኛ ቀዳዳ ነው ብለው ጻፉላት። እንደምን አደርሽ ደብተሬ፣ ሰላምታው ይቆየኝ። ፎቶ ኮፒው ገና አልሞቀም። ደንበኛ የለም። ጉሙ በሩ ላይ ቆሟል።

ከሥሩ ልንገርሽ። ልጄ ማስተዋል ባ/ዳር ኮምፒውተር ተምራ ከመጣች ወዲህ የሱቃችንን አራት ኮምፒውተሮች በነፃው ሲስተም ነው የምታሠራቸው። ያ በየሱቁ የሚጫነው የተሰረቀው በቫይረስ አስመርሮን ነበር። ነፃው የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ሆዱ ክፍት ነው። የፈለገ ገብቶ ያነበዋል፣ የተጣመመ ያገኘ ያቃናዋል። ልጄ ስታነበው ዳዊት የምትደግም ትመስላለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ስታነብ ከርማ አንድ ስፍራ ላይ ቀዳዳ አገኘች። ሌባ የሚያስገባ። ሲስተሙን ለሚጠብቁት ሰዎች ጻፈችላቸው። አይታቸው አታውቅም፤ በየአገሩ የተበተኑ ናቸው። ትናንት ማታ መለሱ። አመሰገኗት። ፓች እያዘጋጀን ነው፣ ሲወጣ ስምሽ አብሮ ይጻፋል አሏት። ፓች የሚሉት እራፊ መሆኑ ነው። በተቀደደው ላይ የሚደረበው።

አንድ ነገር ብቻ። እራፊው ለዓለም እስኪታደል ለማንም አይነገርም። ሌባ ከሰማ ጠጋኙን ይቀድመዋል። ማስተዋል ይህን ስትለኝ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ገባኝ። በዚህ በመናኸሪያው ዙሪያ በእኔ በኩል ሳያልፍ የሚሄድ ወሬ የለማ! ማዶ ሻይ ቤት ያላት ብርቄ “ሬዲዮ” ነው የምትለኝ፣ በስሜ የሺ ብላኝ አታውቅም።

ስለዚህ አንቺን ገዛሁ። ለደብተር መንገር መንገር አይደለም። አይደለም፣ አይደል?

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

ቀዳዳው ምን እንደሚመስል አሳዪኝ ብዬ ከትናንት ጀምሮ ስለምናት ነበር። ዛሬ እሺ አለች። በሩን ገርበብ አደረግን። ጉሙ ወርዶ የብርቄ ሻይ ቤት እንኳ አይታይም፤ የምታወራው ብቻ ይሰማል።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠች። በእንግዳ ስም ገባች። ምንም ሥልጣን የሌለው፣ የማንንም ጽሑፍ መክፈት የማይችል እንግዳ። አንድ መስመር ጻፈች። ጥቁሩ ስክሪን ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ይተፋ ጀመር። ቁጥር። ፊደል የማይመስል ኮተት። ደግሞ ቁጥር። በመሃሉ የሰው ነገር ብቅ ይላል። ጧት ለአንድ ልጅ የጻፍንለት ማመልከቻ፣ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ “ለቤተሰቤ ብቸኛ ደጋፊ እንደመሆኔ”። ቀጥሎ ከጉና ግርጌ የመጡ ሰዎች ያሠሩት የሙት ዓመት ጥሪ፣ “በድንገት የተለዩን”፣ ማን እንደሆኑ ሳይል ተቆረጠ። ጽሑፉ ተዘግቷል። ሰዎቹ አገራቸው ገብተዋል። እዚያ ውስጥ ግን ይናገራሉ። ራስም እግርም የሌለው ንግግር።

ቀጥሎ ስሜ መጣ።

የሺ አይደለም። የክርስትና ስሜ። ያወጣልኝ ቄስ ሞተዋል፣ ክርስትና እናቴ ሞታለች፣ እናቴ ሞታለች። ባሌ ሳያውቀው ሞተ። ከንስሐ አባቴ ሌላ በሕይወት ያለ ሰው አያውቀውም። አንቺ ላይም አልጽፈውም። እናቴ ስትነግረኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነው። ስምሽን ከእናትሽ ስም ጋር ይዞ የሚያስደግምብሽ አይጠፋም ትል ነበር። የክርስትና ስም በአደባባይ ጮክ ብሎ የሚጠራው በፍትሐት ነው፤ ሬሳው መሃል ተቀምጦ። የጎረቤት ሰው “ለካ ስሟ እንዲህ ኖሯል” የሚለው ያን ዕለት ነው። እኔ ቁጭ ብዬ፣ በደህና ጤናዬ፣ ነጭ በጥቁር ተጽፎ አየሁት።

 ማስተዋል ይቺ ደግሞ ማናት አለች። አላውቃትም አልኩ። ወዲያው ከፋኝ፤ ራሴን ካድኩ። እኔ ነኝ አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

ነገሩ ተአምር አይደለም አለች። መምህር ሰሌዳውን ሳያጠፋ ሲወጣ ተከታዩ ክፍል የፊተኞቹን ትምህርት ያያል። ይኸም እንደዚያ ነው። ሲስተሙ አንዱ ሰው የሠራበትን ቦታ ሳያጠፋ ለሌላው ይሰጣል። ስሜ እዚያ የተገኘው ፓስወርዴ ስለሆነ ነው። ማንም የማያውቀው ምን አለኝ ብዬ ሳስብ ጊዜ የመረጥኩት እሱን ነበር።

ተአምር አለመሆኑን አምናለሁ። ግን ሦስተኛውን ኮምፒውተር ዛሬ ከኋላው ዞሬ ነው ያለፍኩት።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ።

እኔ ብቻ አይደለሁም። ኢሜይል ክፈቺልኝ፣ ፌስቡክ አውጪልኝ እያለ ለመጣው ሁሉ ምክር ሰጪዋ እኔ ነኝ። ፓስወርድ ምን ላድርግ ሲሉኝ፣ የክርስትና ስምሽን አድርጊ፣ ባልሽ እንኳ አያውቀውም፣ አትረሽውም እላለሁ። የማኅበራችን ሴቶች በሙሉ። የገበያው ነጋዴዎች። መምህራኑ። ብርቄ። ደስ እያለኝ ነው የመከርኳቸው። ፊቴን ዞር አድርጌ በሉ ጻፉ እላቸዋለሁ፣ እንዳላይባቸው።

የአካባቢው ሰው ስም ሁሉ እዚህ አራት ሣጥን ውስጥ ነው ማለት ነው። ማስተዋልን ከውጭ ሰው ሊደርስበት ይችላል ወይ አልኳት። በኢንተርኔት በኩል ይችላል፣ ግን እስካሁን ቀዳዳውን እኔና እነሱ እንጂ ሌላ ሰው አያውቅም አለች። “እንጂ” ስትል ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ፣ ከ/ሰ

ብርቄ መጣች። ብርቄን እንግዲህ ታውቂያታለሽ፤ ሲያልፉ ሳትተርብ የማትለቅ፣ ሳቋ ከማንቆርቆሪያዋ ቀድሞ የሚፈላ። ዛሬ አመድ መስላ ገባች። ሬዲዮም አላለችኝ። የሽዬ አለችኝ። ያኔ ፈራሁ።

ቅዳሜ ሽንኩርት ስትልጥ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር። አንድ ወንድ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ በክርስትና ስሟ ጠራት። አቤት አለችው። ስልክሽ ላይ ቁጥር መጥቶልሻል፣ አንብቢልኝ አላት። መነጽሯን ቤት ረስታ ነበርና አልታያትም። ሰውዬው ዝም ብሎ ጠበቀ። ትንፋሹ ይሰማ ነበር። ዘጋችው።

የእናቷ እናት በሞቱበት ሳምንት ከደጅ በክርስትና ስማቸው ተጠርተው ነበር፣ ቢወጡ ማንም የለም። በስሙ የተጠራ አይከርምም ነው የሚሉት በቤታቸው። ስለዚህ ብርቄ እህል አልቀመሰችም። ተናዝዛለች። የመጣችበትም ጉዳይ ይኸው ነው፤

“ያቺን ለመታወቂያ ያነሣሽኝን ፎቶ አጉልተሽ አውጪልኝ። ልጆቼ ከባሕር ዳር ሲመጡ ለለቅሶው ፎቶ ፍለጋ እንዳይንከራተቱ።”

ደብተሬ፣ አፌን ሞላው። ብርቄ፣ ሞት አይደለም፣ ሌባ ነው፣ ቁጥሩ የፌስቡክሽ መክፈቻ ነው ልላት ነበር። ከየት አወቀኝ ትለኛለች። ከኔ ሱቅ ልል ነው። እንዴት ትላለች። ስለ ቀዳዳው ልነግራት ነው። ማታ መናኸሪያው ሁሉ ያውቃል። እራፊው ደግሞ ገና አልወጣም።

እሺ አልኳት። ፎቶውን አጎላሁት። ጓደኛዬን፣ በቁሟ፣ ለለቅሶ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ፣ ጧት

ለማስተዋል ነገርኳት። ቁጭ ባለችበት ቀረች። ከኛ ሌላ የሚያውቅ አለ ማለት ነው አለች። አሁኑኑ ለጠባቂዎቹ መንገር አለባት፤ ቀዳዳው ባዶ አይደለም፣ ሰው ገብቶበታል። አራቱንም ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔቱ ነቀለች። ልጻፍ ብትል በስልኳም ኔትወርክ የለም። ከሌሊት ጀምሮ የለም። ጃንጥላዋን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ሐሙሲት ካገኘች እዚያ፣ ካላገኘች ባ/ዳር ትወርዳለች።

ያው ዕለት፣ 9 ሰዓት

ብቻዬን ነኝ። መብራት ሄደ። ማታ እንጂ ቀን አይመስልም፣ ጉሙ እስከ ውስጥ ገብቷል። የብርቄ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብሸፍናት ክፉ ምልክት መሰለኝ፣ ብገልጣት ታየኛለች። መብራቱ መጣ። አታሚው ማንም ሳይነካው ተነሣ፣ ተንጓጓ፣ አንድ ወረቀት አወጣ።

ባዶ ነው። መብራት ሲመለስ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። አውቃለሁ። ግን ሁለቱንም ፊት አየሁት። መስኮቱ ላይም ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት።

ማስተዋል ደወለች። ሐሙሲት ላይ ኔትወርክ ተገኘ። ጻፈች፣ መለሱም። ደንግጠዋል። ያሰቡትን ቀን ትተው ያቻኩሉታል። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳለ ሦስተኛው ኮምፒውተር ከነጥቁር ፊቱ ከኋላዬ መኖሩ ይሰማኛል።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ብርቄ ሻይ ቤቷን አልከፈተችም። ሄድኩ። ተኝታለች። ውኃ እንጂ እህል የለም። ከንፈሯ ደርቋል። የጥንት ቀልዷን ላመጣላት ብዬ፣ ሞተሽ ማን ሊተርበኝ ነው ብላት፣ አንቺማ ፍትሐቴ ላይም ታወሪያለሽ አለችኝ፣ ሳቅ አለች፣ ከዚያ አለቀሰች። አጥንቷ ታየኝ።

ይህ ነገር እውነት ይሆናል። ሞት ባይጠራትም በፍርሃት ትሞታለች። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ማስተዋልን ጠየቅኳት፤ ለንስሐ አባት መንገርስ? አሰበች። እሳቸው ካወጡት ሃይማኖት ቀረ አለች። ሄድኩ።

አባ ኃይሉ ከቤ/ክ አጥር ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሌዳው ያልጠፋበትን ክፍል፣ የብርቄን ስልክ፣ ስሜን ያየሁበትን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና፣

“እኔስ የዚህን የስልኬን በምን የዘጋሁት ይመስልሻል?” አሉኝ።

“አንቱም?”

“የእህቴ ልጅ አስተማረኝ። እሱን ደግሞ አንቺ ነሽ ያስተማርሽው።”

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ከዚያ ቆጣ አሉ። ስሙ ለመንግሥተ ሰማያት የተሰጠ እንጂ ለስልክ መክፈቻ አይደለም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እናገራለሁ አሉ። ምክንያቱን ግን አይገልጹም። ስለ ብርቄ ስጠይቃቸው ግን፣ ሄጄ አጽናናታለሁ፣ የማታምነውን ግን በግድ አላሳምናትም አሉ። እራፊሽ ቶሎ ይምጣ አሉኝ። አንድ ቄስ ስለ እራፊ ሲጸልዩ ይታይሽ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ፣ ማታ

እግሬ አልቋል። ትናንት አባ ተናገሩ፤ የክርስትና ስሙን በስልክም በኮምፒውተርም ያስገባ ሁሉ ዛሬ ነገ ሳይል ያውጣ አሉ። ዛሬ ከጧት ጀምሮ ሰልፍ። ማስተዋል ሲስተሙ ገና ስላልተጠገነ በየሰዉ ስልክ ትቀይርላቸው ጀመር።

መጀመሪያዋን ሴት በምን ልቀይርልሽ አልኳት። በማኅበራችን ጻድቅ በአቡነ አረጋዊ አለችኝ። ሁለተኛዋም አቡነ አረጋዊ። ሦስተኛዋም። ምን ላድርግ! የሁላችሁም ቁልፍ አንድ ከሆነ በር ምን ይሠራል አልኳቸው። ጻድቁ ይጠብቁናል አሉኝ። ማስተዋል ጠረጴዛው ሥር ገብታ ነው የሳቀችው። ኋላ አንዷ ልጅ ሳለች የነበራቸውን በሬ ስም ከሌላ ነገር ጋር ገጣጠመች። ተስማማቸው። አባታቸው ያረሱበትን በሬ፣ የረገጣቸውን በቅሎ፣ ሁሉ እየጠሩ እየሳቁ ወጡ። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ብርቄ አልመጣችም። ልጠራት ብሄድ፣ ስሜማ አንዴ ተጠርቷል፣ ቁልፍ ቢቀየር የወጣው ይመለሳል እንዴ አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ፣ 5 ሰዓት

ወጣ! እራፊው ወጣ! ለዓለም ሁሉ! ከሥሩ ቀዳዳውን ያገኘችው ብሎ የልጄ ስም፣ ከነአባቷ ስም። አባቷ አፈር ሆኖ ስሙ በዓለም ዞረ። አለቀስኩ። ማስተዋል አራቱንም ኮምፒውተሮች አደሰች፣ አጠፋች፣ አበራች። ሦስተኛው ላይ ተቀምጣ በእንግዳ ስም ገብታ ያንኑ መስመር ጻፈች። ስክሪኑ ዝም። ከዚያ ዜሮ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስከ ታች። ማንም የለም። ያ ሁሉ የሰው ንግግር የት ሄደ? እንዲህ ያለ ዝምታ አይቼ አላውቅም። ካየሁት ይልቅ ባዶው አስፈራኝ፣ እንጃ።

አሁን መናገር ይፈቀዳል! ነጠላዬን ሳላጣፋ በዝናቡ ሮጥኩ። ብርቄ ጋ ገባሁና አፈሰስኩት። ቀዳዳውን፣ ሌባውን፣ የምክሬን ጥፋት፣ እራፊውን። ጸበል ጠጥታ ተቀምጣ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሌባ መሆኑን አመነች፤ ዓይኗ ላይ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብላ፣

“ታዲያ እሱ ሰውዬ ስሜን ይረሳዋል?” አለችኝ።

ነጠላዬን ጨምቄ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ፣ ከ/ሰ

ተደወለልኝ።

ከኪዳን ተመልሼ ጫማዬን በር ላይ ስጠርግ። የማላውቀው ቁጥር። አነሣሁት። በስሜ ጠራኝ። በዚያኛው። ለስለስ አድርጎ፣ የቃሉን እያንዳንዱን ፊደል ሳይስት፣ ልክ እናቴ ጆሮዬ ላይ እንዳለችው። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ቁጥር መጥቶልሻል አለኝ። ልጅ ነው። የደከመው ልጅ። ከኋላው ደግሞ ሌሎች ድምፆች አሉ። ብዙ። ሁሉም ስም ይጠራሉ። ወለተ እገሊት፣ ገብረ እገሌ፣ ኃይለ እገሌ፣ አንዱ ሲያበቃ አንዱ ይቀጥላል፣ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ። የት አገር ነው እንዲህ ያለ ቤት? ፍትሐት ለመሆን ከሚያለቅስ ሰው በቀር ምን ይጎድለዋል?

 ያንን ሁሉ የማወራ ሴትዮ አንድ ነገር ብቻ ነው ከአፌ የወጣው፤

“የማን ልጅ ነህ?”

ከኋላው መጠራቱ ቀጥሏል። እንደገና ጠየቅኩት። ትንፋሹን ሳበ፣ የሚመልስ መሰለኝ፣ ተዘጋ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ፣ ጧት

ወስኛለሁ።

ትናንት ማምሻውን ብርቄ ጋ ሄድኩ። የመጣልኝን ስልክ ነገርኳት። አንቺንም አለች፣ ቀና ብላ ተቀመጠች። አይረሳውም አልኳት። መቼም አይረሳውም። ልጄ ሲስተሙን ጠግናለች፣ የሰውዬውን ጭንቅላት የሚጠግን የለም። ምሥጢር ስለሆነ ነው የሚያስፈራራን፣ ስለዚህ እኛ ምሥጢርነቱን እንንጠቀው አልኳት። ወደ ጆሮዋ ሳልጠጋ፣ ከፍ አድርጌ፣ የክርስትና ስሜን ነገርኳት።

ከእናቴ ወዲህ በአፌ አውጥቼው አላውቅም።  ሁለታችንም የሆነ ነገር የምንጠብቅ ይመስል ጣሪያውን አየን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ምንም አልሆነም።

ብርቄ አፏን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ የሷን ነገረችኝ። እንዴት ያማረ ስም! ይኸን የመሰለ ስም ይዘሽ ብርቄ ስትባዪ ኖርሽ ብላት፣ አንቺስ ያንን ከመሰለ ስም ጋር ሬዲዮ አልተባልሽም አለችኝ። ሽሮ ካለሽ አምጪ አለች፣ ሳትጨርስ ድገሚኝ አለች። ፎቶውንስ ምን ላድርገው ስላት፣ ሻይ ቤቴ ውስጥ ስቀይው፣ ዱቤ የሚጠይቅ ሁሉ ይፍራኝ አለች።

አሁን እነሆ። ፍልሰታ ይፈታ፣ ነሐሴም ይለቅ። ዝክር አዘጋጃለሁ፤ ለልጄ እራፊም፣ ለብርቄም፣ ለስማችንም። አባ ኃይሉ ይባርካሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሺ ብለዋል። ጠላው ዛሬ ይጠነሰሳል ማለት አይቻልም እንጂ ጌሾው ይቀጠቀጣል። ማስተዋል ጥሪውን በሦስተኛው ኮምፒውተር ትጽፈዋለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በር ለበር እኔው እዞራለሁ፤ የማኅበሩ ሴቶች፣ መምህራኑ፣ የጉናዎቹ ሰዎችም ከወረዱ። ስልክ የተደወለለት በተለይ ይምጣ። ደፈር ያለ እዚያው መሃል ስሙን ይናገራል፣ የፈራ ይብላ ይጠጣ። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ያ ልጅም ዳግመኛ ከደወለ እጠራዋለሁ፣ የማንም ልጅ ይሁን።

የኔ ስም የወጣው ከዝክሩ ዕለት በዓል ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት፣ ልጆች በዝናቡ የሚጠመቁበት። እንግዲህ ማንም ቀረሁ እንዳይል፤ ጳጉሜን 3፣ ሰኞ፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ቤቴ ለሁሉም ክፍት ነው።